በሴቶች በኩል ያለው ምንጣፍ

ወጣቱ እንዳለው አንዲት አሮጌ ቫን ከአዲስ አበባ ነድቶ ዳባት ሲገባ የሰፈሩ ሰው አምቡላንስ መስሎት ሕመምተኛው ማን እንደሆነ ሊያይ ወጣ። አጎቱ አያ ውዱ የኋላ በሯን ከፍተው ሞተሩን፣ ፓምፑንና የተጠቀለለውን የውኃ ጎማ ሲያዩ አማተቡ።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«የምንጣፍ ማጠቢያ ነው፣ አያ። ባለቤቱ ሰልችቶት ሸጠልኝ።»

«ጎንደር ድረስ ሄደህ ምህንድስና የተማርኸው ምንጣፍ ልታጥብ ነው?»

«ምንጣፍ የማይቆሽሽበት አገር አለ እንዴ?»

አያ ውዱ ወደ ሕመምተኛ ጠያቂዎቹ ዞረው ወደየቤታቸው እንዲሄዱ ነገሯቸው።

የመጀመሪያው ሥራ የተገኘው ከደባርቅ በላይ፣ ቡይት ራስ ካለ አንድ ሎጅ ነበር። የክፍሎች ኃላፊዋ ሶልያና ትባላለች። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ቁልፎቿን እያንቃጨለች የምትራመድ ልጅ ናት። የምግብ አዳራሹን ምንጣፍ አሳይታው ወደ ሥራዋ ሄደች።

ማሽኑ ግን ደጋውን አልወደደውም። ሞተሩ እንደ ሽማግሌ እያሳለ ጥቁር ጭስ ተፋ። ውኃው ለብ ከማለት አላለፈም። መምጠጫው ደግሞ ጉልበት አጣ፤ ምንጣፉ ውኃውን ከጠጣ በኋላ አልመልስም አለ።

ሶልያና ተመልሳ መጣች። ጫማዋን አውልቃ ምንጣፉን በአንድ እግሯ ረገጠችው። በጣቶቿ መካከል ውኃ ፈለቀ።

«አጠብኸው ወይስ አጠመቅኸው?»

እንዳለው ቀና አለ። ፊቷ ሊቆጣ እየሞከረ ነበር፤ ከንፈሯ ግን አልታዘዘላትም። ከዚያች ሰዓት በኋላ ስለ ምንጣፉ ማሰብ አስቸገረው።

«እንግዶች ዛሬ ይገባሉ። ምንድን ነው የሆነብህ?»

«እውነቱን ልንገርሽ? አላውቅም። አሁን ግን ተጋግዘን ፀሐይ ላይ እናውጣው።»

ሎጁን ሊጠግን የመጣ ባለሙያ ሁሉ ጥፋቱን በመብራት፣ በዕቃ ወይም ከእሱ በፊት በመጣው ሰው ሲያሳብብ ኖሯል። ሶልያና «አላውቅም» የሚል ሲገጥማት ይኼ የመጀመሪያው ነው። እጅጌዋን ሰብስባ የምንጣፉን ጫፍ ያዘች።

እንዳለው የማሽኑን ሕመም ደባርቅ ከተከራየው ግቢ ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ ፈለገው። ከፍታው ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ቤንዚን በዝቶበት ኖሯል፤ ቤንዚን የሚያልፍበትን ቀዳዳ በጠባብ ለወጠው። የመምጠጫውን የተሰነጣጠቁ ጎማዎች አውጥቶ ጎንደር ካገኘው ከሌላ ማሽን ላይ ጠንካራ መምጠጫ ፈትቶ ገጠመ። ውኃው እንዲሞቅ ደግሞ በጭስ ማውጫው ማርሚታ ዙሪያ የመዳብ ቱቦ ጠመጠመ፤ ወደ ሰማይ በከንቱ የሚሄደው የሞተሩ ሙቀት ውኃውን እያሞቀ እንዲያልፍ።

ሶልያና በእረፍት ቀኗ ልታየው መጣች። በሚቀጥለው እረፍቷም መጣች። በሦስተኛው መፍቻ ማቀበል ጀመረች።

«ይኼ ነው?»

«የለም፣ ከእሱ የሚያንሰው።»

«ይኼ?»

«እሱም አይደለም።»

«ታዲያ ለምን ተቀበልኸኝ?»

እንዳለው እጁን አየ። መፍቻውንም የመፍቻውን አቀባይ ጣቶችም አንድ ላይ ይዞ ነበር። ሁለቱም ለመልቀቅ አልቸኮሉም።

ማሽኑ ሳያስል የተነሣ ዕለት በደስታ ቫኗን እስከ ሊማሊሞ አፋፍ ነዱ። ቁልቁል መኪናዎቹ እንደ ጉንዳን እየተጠማዘዙ ይወርዳሉ። እንዳለው መንገዱን ብዙ ካየ በኋላ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሽማግሌ ልልክ አስቤያለሁ።»

«ወደ ማን?»

«ወደ መሪጌታ ሃብተ ጊዮርጊስ።»

«እሳቸው እንኳ ሚስት አላቸው» አለች ሶልያና። መሪጌታ አባቷ ናቸው፤ የሰፈራቸው ማርያም ቤተ ክርስቲያን ቄስም ናቸው።

ሁለቱም ዓይናቸው እንባ እስኪያቀር ሳቁ። ከዚያ እሷ ቀድማ እንባዋን ጠረገች።

«አባቴ የማያውቁትን ሰው በቃል አያምኑም። መጀመሪያ ሥራህን ይዩት። ለኅዳር ማርያም ንግሥ የቤተ ክርስቲያኑ ምንጣፍ እንዲታጠብ እኔ እጠይቅልሃለሁ።»

ጠየቀችለት። መሪጌታም ከብዙ ማሰብ በኋላ ፈቀዱ። ዲያቆናቱ በመጀመሪያው ቀን የወንዶቹን በኩል ምንጣፍ አውጥተው ከቅጥሩ በር ላይ ዘረጉለት። ማሽኑ ዘመረ ማለት ይቻላል። ቀዩ ቀይ፣ አረንጓዴው አረንጓዴ ሆኖ ወጣ፤ መሪጌታ ራሳቸው በመቋሚያቸው ጫፍ ነካ አድርገውት «እሰይ» አሉ። ሶልያና ከዛፉ ሥር ሆና ፈገግ አለችለት።

እንዳለው ሥራውን ሲጨርስ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው የቆሻሻውን ታንክ ከፍቶ ወደ መንገዱ ቦይ ለቀቀው።

የገበያ ቀን ነበር። ጥቁሩ ውኃ ቦዩን ሞልቶ መንገዱ ላይ ፈሰሰ፤ እህል የጫኑ አህዮች እየረገጡት አለፉ። መሪጌታ መቋሚያቸውን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ።

«ምን አደረግህ?»

«መሪጌታ፣ ቆሻሻ ውኃ እኮ ነው።»

«ቆሻሻ!» ድምፃቸው ከፍ አላለም፤ ከፍ ቢል ይሻል ነበር። «የስንቱ ስግደት፣ የስንቱ እንባ የወደቀበት ትቢያ ነው። የዕጣኑ አመድ፣ የጧፉ ጠብታ ያለበት ነው። አንተ ለአህያ ኮቴ ሰጠኸው። የሴቶቹ በኩል ይቅር። ወደ ቤቴም ሰው እንዳትልክ፤ ያሰብኸውን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም።»

ሶልያና አባቷን ተከትላ ሄደች። በማግሥቱ ወደ ቫኗ ስትመጣ ዓይኗ አብጦ ነበር።

«ውኃውንስ ይቅር ይሉህ ነበር» አለችው። ««ቆሻሻ» የሚለውን ቃል ነው ያልቻሉት። እኔም አልቻልሁትም። እናቴ እኔን ስትለምን የሰገደችው እዚያ ምንጣፍ ላይ ነው።»

እንዳለው መፍቻውን አስቀመጠ። «ልክ ነሽ» አለ። ከዚያ ተነሥቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ብቻውን ወደ መሪጌታ ሄደ።

መሪጌታ ከጉባኤ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጠው ነበር። እንዳለው ራቅ ብሎ ቆመ።

«መሪጌታ፣ አጥፍቻለሁ። ስለ ሽማግሌ ልናገር አልመጣሁም። ውኃው የት መፍሰስ እንዳለበት ብቻ ይንገሩኝ።»

መሪጌታ ይህን አልጠበቁም። «እግር በማይረግጠው፣ በቅጥሩ ውስጥ» አሉ። «ግን ሳሙናህ ጽዶቹን ያደርቅብናል። ስለዚህ መላ የለውም።»

ይህን እየተባባሉ ሳለ የሴቶቹ ጉዳይ መጣ። እማሆይ አረጋሽ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ የማኅበራቸውን ሴቶች አስከትለው ከች አሉ።

«መሪጌታ፣ እንዲያው ይንገሩን። የወንዶቹ ስግደት ብቻ ነው ወደ ላይ የሚደርሰው?»

«እማሆይ፣ ነገሩ እንደዚያ አይደለም…»

«በእነሱ በኩል አበባ መስሎ፣ በእኛ በኩል እንደ በግ ጉረኖ ሆኖ እመቤታችን ትንገሥ? እኔ በበኩሌ ከወንዶቹ ጋር ሄጄ እቆማለሁ!»

«እኛም!» አሉ ከኋላ።

መሪጌታ በሕይወታቸው ብዙ ቅኔ ተቀኝተዋል፤ ለዚህ ግን አልመጣላቸውም። ወደ እንዳለው ዞሩ። «ያለ ሳሙና ይሆናል?»

«ውኃው እጅግ ከሞቀ ይሆናል። ይሞክሩኝ።»

እንዳለው የመዳቡን ቱቦ በእጥፍ አስረዘመው፤ ሙቀት እንዳያመልጠውም በደንብ ጠቀለለው። ከመምጠጫው የሚወጣው ውኃ ለብቻው የሚጠራቀምበት አዲስ ሮቶ ገዛ፤ ከቫኗ እስከ ጽዶቹ ሥር የሚደርስ ጎማም ቀጠለ። ሶልያና ከሥራ ስትወጣ እየመጣች ጎማውን ትይዝለት ነበር። አይነጋገሩም ነበር ለማለት ይከብዳል፤ ግን ወሬያቸው ስለ ማሽኑ ብቻ ነበር።

በቀጠሮው ቀን የሴቶቹ በኩል ምንጣፍ ወጣ። እንፋሎቱ በብርዱ አየር ላይ ነጭ ሆኖ ተነሣ። ያለ ሳሙና ከመጀመሪያው ይልቅ ዘገየ፤ እንዳለው ግን አልቸኮለም፤ አንዱን ቦታ ደጋግሞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ እስኪጠራ አጠበ። ውኃው በጎማው አልፎ ከጽዶቹ ሥር ቀስ ብሎ ሰረገ። መሪጌታ እዚያው ቆመው የመጨረሻው ጠብታ እስኪያልቅ ጠበቁ። ከዚያ ወደ ቫኗ መጥተው መስቀል አሳለሙት።

ንግሡ ካለፈ በኋላ በነበረው እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ሽማግሌዎቹ ሄዱ። አያ ውዱ መሩ። እማሆይ አረጋሽም ሳይጠሯቸው ከመንገድ ተቀላቀሉ። እንደ ደንቡ እንዳለው ከቤቱ መግባት ስለማይችል ቫኗን ከማዶ አቁሞ መሪውን ጨብጦ ተቀመጠ።

ውስጥ የሆነውን በኋላ አያ ውዱ ናቸው ያወሩት። መሪጌታ «ተቀመጡ» ቢሉ ሽማግሌዎቹ «ልጅዎን ለልጃችን ሳይሰጡን አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። መሪጌታ ፊታቸውን አጠቆሩ።

«ልጁ ትዕግሥት አለው?» ሲሉ ጠየቁ።

«የተበላሸ ሞተር አግብቶ ያዳነ ነው» አሉ አያ ውዱ።

«እማሆይ፣ እርስዎ እንኳ ይቀመጡ። ጉልበትዎ ያምዎታል።»

«ማርያምን ቆሜ አንግሻለሁ፤ ለዚህ አልደክምም። ሲፈልጉ ለከርሞ ይመልሱልን፤ እዚሁ ነኝ።»

ይህን ሁሉ እንዳለው አልሰማም። እሱ የሚያየው የተዘጋውን በር ብቻ ነበር። በሩ ላይ የተኛች ድመት እንኳ ተነሥታ ሄደች፤ የሚወጣ ሰው የለም።

ኋላ የጓሮው በር ተከፈተ። ሶልያና ነጠላዋን እየሰበሰበች መንገዱን በሩጫ ተሻገረች፤ የቫኗን በር ከፍታ ጎኑ ተቀመጠች። ትንፋሿ አልሰበሰብ ብሏታል። እንዳለው መጠየቅ ፈራ፤ ዓይኗን ብቻ አየ።

«ተቀመጡ» አለችው።

«ሁሉም?»

«ሁሉም። እማሆይም።»

እንዳለው ግንባሩን መሪው ላይ አስደግፎ መሳቅ ጀመረ። ሳቁ ሳያልቅ እጁን ዘረጋ፤ እጇ ግማሽ መንገድ ላይ ጠበቀው።