የእፉኝቷ የጤና ምስክር ወረቀት

«ንግሥቲቱ ነክሳ ገደለችው» የሚለው ወሬ ከአራዊት መናፈሻው ወጥቶ የከተማውን ዳር ሰፈር ለማዳረስ ግማሽ ሰዓት አልፈጀበትም። መርማሪዋ ስትደርስ በሩ ላይ ከስድሳ የማያንስ ጎብኚ ተሰልፏል። በአዘቦት ቀን ሃያ ሰው የማይረግጠው በር ነው። ሰው ሞተበት ሲባል ግን አገሩ ሁሉ የአራዊት ፍቅር ያዘው።

መርማሪዋ ሃምሳን የተሻገረች፣ ቀጠን ያለች፣ አንድ ጉልበቷን የሚያማት ሴት ናት። ባልደረቦቿ በሌለችበት «ሬት» ይሏታል። ታውቃለች፤ ደስም ይላታል። ሰልፈኛውን በክርኗ እየከፈለች ገባችና ግቢውን ቃኘችው። የሲሚንቶዋ ቀጭኔ አንድ ጆሮዋ ረግፏል። የኩሬው ውሃ አረንጓዴ ሆኗል። አንበሳው ለሰዉ ሁሉ ጀርባውን ሰጥቶ ተኝቷል፤ በዚያ ግቢ ውስጥ ክብሩን የጠበቀ ፍጡር እሱ ብቻ መሰላት። ከጦጣዎቹ ጎጆዎች አንዱ ባዶ ነው፤ በሩ ላይ «ለእድሳት ተዘግቷል» የሚል ካርቶን ተንጠልጥሏል።

ሟቹ የአራዊቱ ጠባቂ ነበር፤ ሃያ ሁለት ዓመት ያገለገለ ዝምተኛ ሰው። ከእባቡ ቤት ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል፣ ከባልዲውና ከውሃ ቧንቧው መካከል በጀርባው ተዘርግቷል። ቀኝ እጁ አንጓ ላይ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች ይታያሉ። ከራስጌው «ንግሥቲቱ» የምትባለው ትልቅ እፉኝት የምትኖርበት የመስታወት ሣጥን አለ። የሣጥኑ የኋላ በር መቀርቀሪያ ተስቧል፤ በሩ ግን ገርበብ እንኳ አላለም።

መርማሪዋ እጇን ወደ በሩ ስትሰነዝር የመናፈሻው ባለቤት እየሮጠ መጣ። ወፍራም፣ ሽቶው ከራሱ ቀድሞ የሚደርስ ሰው ነው።

«እንዳይከፈት! መርዘኛ ናት! ነገ ራሴ ባለሙያ አስመጣለሁ።»

«ሟቹ ባለሙያ አልነበረም?»

«ለእርስዎ ደህንነት ብዬ እኮ ነው።»

«ለእኔ ደህንነት የተጨነቀ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም» አለችው። «ዛሬ፣ ያውም በእርስዎ ይጀመራል ብዬ አላምንም።»

ቢሆንም አልከፈተችውም። ጎንበስ ብላ የሟቹን ሁለት እጆች ጎን ለጎን አስተያየች፤ ውፍረታቸው እኩል ነው። ከዚያ ዞራ ጎብኚዎች በሚቆሙበት በኩል ሄደችና በመስታወቱ ውስጥ እፉኝቷን ለረጅም ጊዜ አየቻት። መዳፏን መስታወቱ ላይ አሳረፈች። እንደ ድንጋይ ይቀዘቅዛል።

ሬሳውን ያገኘችው ቲኬት ሻጯ ናት፤ የሟቹ ታናሽ እህት። ዓይኗ ደም መስሏል።

«ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መጣሁ» አለች። «ወንድሜ ሁልጊዜ አስራ ሁለት ሰዓት ነው የሚገባው። ብጠራው ዝም አለኝ። በሩ ተዘግቷል፤ ከሥሩ ጆንያ ተወትፎበታል።»

«ከውስጥ ነው ከውጭ?»

«ከውጭ። ክፍተቱ በሙሉ ጥቅጥቅ ተደርጎ ተደፍኗል። መንጭቄ አወጣሁትና ገባሁ።»

«ከማን ጋር ተጣልቶ ነበር?»

«ትናንት ማታ በስልክ ሲያወራ ሰምቻለሁ። ‹ነገ ሲጠይቁኝ እናገራለሁ፤ ቀድመው ቢናገሩ ግን ይሻልዎታል› ሲል።»

«እርግጠኛ ነሽ? ‹ይሻልዎታል› ነው ያለው፣ ‹ይሻልሃል› አይደለም?»

«‹ይሻልዎታል› ነው ያለው።»

«ማን ነው የሚጠይቀው? ስለ ምን?»

«ስለ ጦጣዋ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ከሦስት ወር በፊት፣ አሁን ባዶ በሆነው ጎጆ የነበረችው ጦጣ አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ነከሰች። ጦጣዋ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት እንደተከተበች የሚገልጽ ወረቀት ባለቤቱ ለቤተሰቡ አሳየ። ቤተሰቡም ወረቀት አምኖ ልጅቷን ሳያስከትብ ቀረ። ልጅቷ ሞተች። ዛሬ ከሰዓት በኋላ አጣሪ ቡድን መጥቶ ጠባቂውን ሊሰማ ቀጠሮ ነበረው።

ቀጥሎ አስጎብኚው ቀረበ። ምላሱ ስለማያርፍ «ሬዲዮ» ይሉታል።

«ንግሥቲቱ የአንድ ጦር አዛዥ ፈረስ የገደለች ናት» ብሎ ጀመረ ሳይጠየቅ።

«ፈረሱን ተወውና፣ ለመጨረሻ ጊዜ የበላችው መቼ ነው?»

ሬዲዮው ተቋረጠ። «እ... እሱን ሟቹ ነበር የሚያውቀው።»

ባለቤቱም ተመሳሳይ ጥያቄ ሲቀርብለት ክራቫቱን አስተካክሎ «ይሄ የእኔ ሥራ አይደለም» አለ። የእሱ ሥራ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው በግቢው አልተገኘም።

የመጨረሻው የእንስሳት ሐኪሙ ነው። የተተኮሰ ጋዋን የለበሰ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ ሰው። ሃያ ዓመት እንስሳ ያከመ ሰው ጫማ እንዲህ ሲያብረቀርቅ መርማሪዋ አይታ አታውቅም።

«ዛሬ ጠዋት ቤቴ ነበርኩ» አለ። «አሳዛኝ አደጋ ነው። ጠንቃቃ እንዲሆን ስንት ጊዜ መከርኩት!»

«ለመጨረሻ ጊዜ የበላችው መቼ ነው፣ ዶክተር?»

«ባለፈው አርብ። ራሴ መርምሬያታለሁ። ጤናማ ናት፤ የምስክር ወረቀቷ ግድግዳው ላይ አለ።»

ወረቀቱን ሄዳ አነበበችው። «የምግብ ፍላጎቷ ጥሩ ነው። ክብደቷ በሁለት መቶ ግራም ጨምሯል። ቆዳዋን በወቅቱ ገፍፋለች።» ማኅተም፣ ፊርማ፣ ያለፈው አርብ ቀን። መርማሪዋ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች፤ የሚያምር ፈገግታ ግን አልነበረም።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ አራቱንም ለጎብኚዎች ገለጻ በሚደረግባት አዳራሽ ሰበሰበቻቸው። በፕላስቲክ ወንበሮች ላይ በግማሽ ክብ ተቀመጡ። በሩ ላይ ሁለት ፖሊሶች ቆሙ። እሷ ጓንት ባጠለቀ እጇ የተሸፈነ ነገር ይዛ ገባችና ጨርቁን ገፍፋ መሐላቸው ወለሉ ላይ ጣለችው።

እፉኝቷ ነበረች።

ሐኪሙ ጩኸቱን ለቀቀው። ወንበሩን ገልብጦ፣ ሌላ ወንበር ላይ ወጥቶ፣ ጋዋኑን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ቆመ። የቀሩት ሦስቱ ግን ካሉበት ንቅንቅ አላሉም። አስጎብኚው ጣሪያውን አየ፤ ባለቤቱ ጫማውን፤ እህትየዋ እጆቿን።

«ይውረዱ፣ ዶክተር» አለች መርማሪዋ። «ሁለት መቶ ግራም የጨመረችው ጥጥ ነው።»

እፉኝቷን በእግሯ ገለበጠቻት። ከሆዷ ሥር ወፍራም የክር ስፌት ታየ።

«ከሞተች ስንት ጊዜዋ ነው?» ብላ ባለቤቱን ጠየቀችው።

«ሁለት ዓመት» አለ በሹክሹክታ። «ጎብኚው እሷን ብሎ ነው የሚመጣው... ጠባቂውን ጥጥ ሞልተህ ስፋት አልኩት።»

«ለዚህ ነው ሣጥኑን አትክፈቱ ያልከኝ። ሰውህ እግርህ ሥር ተዘርግቶ አንተ የምትጨነቀው ለጥጥህ ነበር።» ከዚህ በኋላ እርስዎ ብላ አልጠራችውም። «አሁን ሁላችሁም ስሙኝ። እፉኝት የነከሰው እጅ ያብጣል፣ ይጠቁራል። የሟቹ ቀኝ እጅ ግን እንደ ግራው ነው። የአስከሬን ሐኪሙም ሦስተኛ ቀዳዳ ከትከሻው ጀርባ አግኝቷል። ለትልልቅ እንስሳት የሚሰጥ ማደንዘዣ ነው የገደለው። መድኃኒቱ ያለበት ሣጥን ቁልፍ ምስማር ላይ ነው የሚንጠለጠለው፤ ማናችሁም ልትወስዱት ትችላላችሁ።»

«እኔ አልነካሁትም!» አለ አስጎብኚው።

«አውቃለሁ። ሟቹ ትናንት በስልክ ያወራው ‹እርስዎ› ከሚለው ሰው ጋር ነው። አንተን እርስዎ የሚልህ ሰው ገና አልተወለደም። እህቱንም እርስዎ አይላትም። ስለዚህ ወይ ባለቤቱ፣ ወይ ዶክተሩ።»

ባለቤቱ ላቡን ጠረገ።

«ገዳዩ የእባብ ንክሻ አስመስሏል። በጥጥ የተሞላች መሆኗን የሚያውቅ ሰው ይህን አይመርጥም፤ ሣጥኑ የተከፈተ ዕለት ይጋለጣላ። ደግሞ ገዳዩ መቀርቀሪያውን ስቦ በሩን ሳይከፍት ሸሽቷል። ወጥቶም ከበሩ ሥር ጆንያ ወትፏል። ለምን? እንዳትከተለው! ከሁለት ዓመት ሬሳ የሸሸ ጀግና ማን ነው? እዚህ ግቢ የሚሠራ ሰው ሁሉ መሞቷን ያውቃል። የማያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፦ በየወሩ ጤናማ ናት ብሎ የሚፈርመው።»

ሐኪሙ ከወንበሩ ላይ ወርዶ ጋዋኑን አስተካከለ።

«እባብ ትፈራለህ» አለችው፤ አሁን እሱም አንተ ሆነ። «ስለዚህ እዚያ ቤት አንድ ቀን እንኳ አልገባህም። ጦጣም ትፈራለህ። ስለዚህ ጦጣዋን ሳትከትብ ተከትባለች ብለህ ጻፍክ። ጠባቂው ያውቅ ነበር። ለክብርህ ሲል ቀድመህ እንድትናገር ዕድል ሰጠህ፤ አንተ ደግሞ መርፌ ይዘህ መጣህ። በሕይወትህ የወጋኸው ብቸኛው ፍጡር እሱ ይመስለኛል።»

«ልጅቷን የነከሳት ጦጣ ናት እንጂ እኔ አይደለሁም!» ብሎ ጮኸ ሐኪሙ። «እሱ ዝም ቢል ኖሮ...»

አልጨረሰውም። መጨረስም አላስፈለገውም። ፖሊሶቹ ይዘውት ሲወጡ ሰልፈኛው ስልኩን አውጥቶ ይቀርጽ ጀመር። አንዱ «ይሄ ከቲኬቱ ጋር ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ተሰማ።

ባለቤቱ መርማሪዋን ተከትሎ እስከ በሩ መጣ። «እኔ... ነገ መክፈት እችላለሁ?»

«የሐሰቱን ወረቀት ለልጅቷ ቤተሰብ ያሳየኸው አንተ ነህ» አለችው። «ነገ የምትከፍተው አፍህን ነው፤ ለአጣሪዎቹ።»

እህትየዋ ከጎኗ ቆማ ነበር። «የልጅቷ እናት ቤት ሩቅ ነው?» ብላ ጠየቀቻት መርማሪዋ።

«ከአውቶቡስ ማዞሪያው ማዶ ነው።»

በእግራቸው ሄዱ፤ መርማሪዋ እያነከሰች። በሩን የከፈተችው ወጣት ሴት ናት፤ ጥቁር ለብሳለች።

«ወንድሜ ዛሬ ሊናገር ነበር» አለች ቲኬት ሻጯ። «ገደሉት። ጦጣዋ አልተከተበችም ነበር። ሁላችንም እናውቅ ነበር። እኔም አውቅ ነበር።»

እናትየዋ ወደ ውስጥ ገብታ አንድ ወንበር ይዛ ተመለሰች፤ በሩ ላይ አስቀምጣ ራሷ ተቀመጠችበት።

«ቁሚና ከመጀመሪያው ጀምረሽ ንገሪኝ» አለች።