«በፊት» እኔ ነበርኩ

ሰው ማሳቅ እንጀራዬ ነበር። ይህን ስነግራችሁ ግን አንዲትም ቀልድ አልጨመርኩበትም።

የሆነው ኒው ዮርክ ውስጥ ነው። ዓመቱ 1903፣ ወሩ መጋቢት፣ ቀኑ ሐሙስ። ሰዓቱ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል።

ጨለማ አልነበረም። በመስኮቱ ብርሃን ይገባል፣ ከውጭ የፈረስ ጋሪ ድምፅ ይሰማል። ሰዓቱን በትክክል የማውቀው አታሚዎቹ ምሳ የሚወጡበት ስለሆነ ነው።

ስሜ አሞስ ቴንች ነው። በአንድ ሳምንታዊ የቀልድ መጽሔት ውስጥ እሠራ ነበር። ሚስ ኮርኔሊያ ስዕሉን ትስላለች፦ ባል ጋዜጣ ይዞ፣ ሚስት ትልቅ ባርኔጣ አድርጋ። እኔ ከስሩ እሱ ያለውንና እሷ የመለሰችለትን ሁለት መስመር እጽፋለሁ።

አራት ዓመት እንዲህ ሠራን። አንድም ቀን ሳልነግራት ወደድኳት።

ከዚያ ዌንደል ጌይሎርድ መጣ...

ዌንደል የማስታወቂያ ጸሐፊ ነው። ለሳሙናና ለጫማ ቀለም ግጥም ይገጥማል። ጉንጩ ቀይ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ሳቁ ፎቅ አልፎ የሚሰማ።

ሰዉ መጽሔቱን ማስታወቂያው ካለበት ከኋላ መግለጥ ጀመረ። በባቡር ላይ በዓይኔ አየሁ። አንዲት ሴትዮ የእኔን ገጽ ዘልላ የሳሙናውን ግጥም ለጎረቤቷ አነበበችላት፤ ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። የእኔ ቀልዶች በማስታወቂያ መሀል ለሚተርፍ ክፍት ቦታ መሙያ ሆኑ።

ቀናሁ። ምን እደብቃለሁ?

ይባስ ብሎ የቶኒኩ ማስታወቂያ መጣ። የከሳ ሰው የሚያፋፋ መድኃኒት ነው ይሉታል። ሁለት ፊት ጎን ለጎን ይሳላል። በግራ የከሳው፣ ከስሩ «በፊት»። በቀኝ የፋፋው፣ ከስሩ «በኋላ»። ደንቡ አንዱኑ ሰው ሁለት አድርጎ መሳል ነው። ኮርኔሊያ ግን ቸኩላ ነበር።

«ሚስተር ቴንች፣ እስቲ አንድ ጊዜ መስኮቱ ጋ ይቀመጡልኝ» አለችኝ።

ደስ አለኝ። በአራት ዓመት ውስጥ እንዲህ ትኩር ብላ አይታኝ አታውቅም። ልጅ ሆኜ ከአጥር ወድቄ ቅንድቤ ላይ የቀረችውን ጠባሳ እንኳ አልተወቻትም፤ ሳለቻት።

ስትጨርስ፣ «በኋላ» የሚሆነው ማን እንደሆነ ጠየቅኳት።

«ዌንደል ነዋ!» አለች።

ዌንደል! መጣ ከተባለ ሦስት ወር አልሞላውም። እኔ ይኸው እስከ ዛሬ «ሚስተር ቴንች» ነኝ።

ማስታወቂያው የወጣ ዕለት ቢሮው ስሜን ቀየረው።

«በፊት መጣ!» ብሎ ጮኸ ዌንደል፣ ባርኔጣዬን ስሰቅል። «ኧረ ቶኒክ ስጡት፣ ንፋስ ሳይወስደው!»

ኮርኔሊያ አፏን በእጇ ከድና ሳቀች። በእኔ ሁለት መስመሮች እንዲህ ስቃ አታውቅም።

ነገሩ የጀመረው ከዚያ ነው...

በሁለተኛው ሳምንት የሸሚዜ ኮሌታ ሰፋኝ።

በሦስተኛው የአባቴ ቀለበት ከጣቴ ወልቆ ወለሉ ላይ ተንከባለለ።

እበላ ነበር እኮ! ጥግ ያለው ምግብ ቤት ገብቼ ሁለት ሳህን ባቄላ በአሳማ ሥጋ፣ በላዩ የፖም ኬክ። አስተናጋጇ ትስቅብኝ ነበር። የምበላው ግን የት እንደሚገባ እንጃ። ዌንደል ደግሞ ምንም ሳይጨምር የጃኬቱ ቁልፍ አልዘጋ አለው።

በአራተኛው ሳምንት አራቱን እትሞች ጠረጴዛዬ ላይ ደረደርኳቸው።

ስዕሌ እየከሳ ነበር...

በመጀመሪያው እትም ጉንጬ ትንሽ ጎድጉዷል። በአራተኛው የጥርሶቼ ቅርጽ በቆዳዬ ላይ ይታያል።

ወደ ማተሚያው ክፍል ወረድኩ። ሽማግሌው የማተሚያ ኃላፊ ሚስተር ኬሰል እጁን በጨርቅ ይጠርጋል።

«የቶኒኩን ስዕል በየሳምንቱ ትቀይሩታላችሁ?»

«በምን ምክንያት? ብረት ነው። አንዴ ተቀረጸ፣ ያው ነው።»

«እየከሳ ነው።»

ስዕሉን አየ። እኔን አየ። እንደገና ስዕሉን። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ልጄ... ሐኪም ዘንድ ሂድ።»

«እስከ መቼ ነው የሚወጣው?»

«ዓመቱን ሙሉ።»

ዓመቱን ሙሉ... እኔ ላይ የአንድ ወር ሥጋ አልቀረም።

አሁን የሚያሳፍረኝን ልንገራችሁ። ያንን ብረት ወስጄ ወንዝ ውስጥ መጣል እችል ነበር። ብጥለው እተርፋለሁ። ግን ዌንደልም እንደፋፋ ይቀራል። እሱን ሆዴ እሺ አላለም። እንዲከሳ ፈለግኩ። ኮርኔሊያ እያየችው እንዲከሳ!

ሐሙስ፣ ስድስት ሰዓት ተኩል። ክፍሉ ባዶ ነበር። ገጹ በብረት ፍሬም ታስሮ ጠረጴዛው ላይ ተኝቷል። ሁለቱ ቃላት ከስዕሉ ጋር የተቀረጹ አይደሉም፤ ከስሩ ለየብቻ የተደረደሩ ፊደላት ናቸው።

ማሰሪያውን አላላሁ። «በፊት»ን ከእኔ ስር አንስቼ ዌንደል ስር አደረግኩ። «በኋላ»ን ወደ እኔ አመጣሁ። መልሼ አጠበቅኩት።

ጣቴ የተቀረጸውን ፊት ነካው። ብረቱ ሞቃት ነበር... ልክ እንደ ሰው ጉንጭ።

መጽሔቱ ወጣ። አገር ሳቀ!

ለካ የፋፋው ሰውዬ ቶኒኩን ጠጥቶ አፅም ሆኖ ታይቷል። ደብዳቤ ጎረፈ። የቶኒኩ ባለቤቶች መጀመሪያ ተቆጡ፤ ሰዉ መድኃኒታቸውን በስም እየጠራ መግዛት ሲጀምር ግን «እንዳለ ይቀጥል» አሉ። አለቃችን ዌንደልን ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

«አንተ ጉደኛ! ይህ ከአንተ ሌላ ከማን ይመጣል?»

ዌንደልም ምስጋናውን ተቀብሎ ፈገግ አለ። በሕይወቴ የሠራሁት ትልቁ ቀልድ የእሱ ሆነ።

ግድ የለም አልኩ። ሰኞ ኮቱ ሰፍቶት መጥቷላ! በሚቀጥለው ሳምንት ጉንጩ ወረደ። ብቻዬን መጸዳጃ ቤት ገብቼ ሳቅኩ።

እኔ ግን አልወፈርኩም... አንድ ፍሬ ሥጋ እንኳ።

በሦስተኛው ሳምንት ከዌንደል ጋር ደረጃው ላይ ተገናኘን። ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ነበር።

የእኔ ጠባሳ።

ያኔ ገባኝ። ስንት ዓመት እዚያ ቤት ስሠራ ኖሬ ማስታወቂያ እንዴት እንደሚነበብ ረስቼ ነበር። የቀየርኩት ቃላቱን ነው፤ ፊቶቹን አልነካሁም። «በፊት» የተባለው ሰው ቀስ በቀስ የራሱ ሥጋ አልቆ «በኋላ» የተባለውን ይሆናል። «በኋላ» ያልኩት ደግሞ የራሴን ፊት ነው።

ዌንደል እኔን እየሆነ ነበር።

ታዲያ እኔስ ምን እሆናለሁ? ከ«በኋላ» በኋላ ምን አለ?

ሮጬ ወደ ኮርኔሊያ ክፍል ወጣሁ። ሁሉንም ልነግራት ነበር። ቅናቴንም፣ ፍቅሬንም። በሩን ከፈትኩ።

መስኮቱ ጋ፣ እኔ የተቀመጥኩበት ወንበር ላይ፣ አንድ የከሳ ሰው ተቀምጧል። ፊቱ የእኔ ነው። እሷ ጎኑ ተንበርክካ ሾርባ በማንኪያ ታቀርብለታለች።

«ትንሽ ቅመስልኝ» አለችው በሹክሹክታ። «እባክህ... አሞስ።»

አሞስ! አራት ዓመት የጠበቅኳት ቃል።

«ሚስ ኮርኔሊያ» አልኩ። «አሞስ እኮ እኔ ነኝ።»

ማንኪያዋ አየር ላይ ቆመ። ወደ በሩ ዞረች። ዓይኗ በእኔ ውስጥ አልፎ ኮሪደሩን አየ።

«በሩን ማን ከፈተው?»

ሰውየው ግን ዓይን ዓይኔን አየኝ። በእኔ ከንፈር፣ በዌንደል ፈገግታ ፈገግ አለ።

«ንፋስ ነው» አላት።

ጠረጴዛዋ ላይ የዚያ ሳምንት እትም ተከፍቶ ነበር። ጠጋ ብዬ አየሁት። በቀኝ፣ ዌንደል በነበረበት፣ ፊቴ አለ፤ ከስሩ «በፊት» ይላል።

በግራ ደግሞ፣ እኔ በነበርኩበት፣ ኮሌታና ከረባት። ከኮሌታው በላይ ነጭ ወረቀት ብቻ። ከስሩ «በኋላ»።

ስዕል ነው፤ በቀለም የታተመ ስዕል። ኮሌታው ግን ከትንፋሼ ጋር በዝግታ ከፍ... ዝቅ... ከፍ... ዝቅ ይል ነበር።