አዋጅ ነጋሪውና ከጋኑ ሥር የሚወርዱት ወፎች

ንጉሡ በነገሡ በሰባተኛው ዓመት፣ ደጋው በውርጭ በነጣበት ወራት፣ የቤተ መንግሥቱ አዋጅ ነጋሪ ድምፁ ተዘግቶ ቆላ ወረደ። ሹመቱን ከአባቱ ነው የወረሰው፤ ሐኪሙ «ሙቀት አግኝ፣ ትንፍሽም አትበል» ሲለው፣ አጋፋሪው ደግሞ «ብርዱ እስኪያልፍ እንጠብቅሃለን፤ ከዚያ ወዲያ ግን ቦታው ለሌላ ይሰጣል» ብሎት ነበርና፣ ባሏ የሞተባት ታላቅ እኅቱ ቤት ገባ።

የእኅቱ ግቢ ወንዝ ዳር ነው፤ ከውሃው ጋን ሥር ጠብታ ያጠራቀመው ኩሬ አለና ወፍ ሁሉ እዚያ ይወርዳል። ደረታቸው ቢጫ የሆኑት ጎጆ ሠሪዎች ሣር እየተነጣጠቁ ይጣላሉ፤ ጅራተ ረጅሙ አጥሩ ላይ ይንጎማለላል። ደጋ ሳለ ከቁራና ከጭልፊት በቀር ወፍ መኖሩን ልብ ያላለ ሰው፣ አሁን ጎህ ሲቀድ ተነሥቶ ደጃፍ ይቀመጥ ጀመር።

ታዲያ የሙያ ልማድ ክፉ ነው፤ ደስ ባለው ቁጥር አደባባይ እንደሚያደርገው ደረቱን ነፍቶ ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ ወፎቹም ብርር ይላሉ።

«ወንድምዓለም፣» አለች እኅቱ እንዝርቷን እያሾረች፣ «አዲስ ግብር የታወጀባቸው መስሏቸው እኮ ነው የሚሸሹት። እስቲ አንድ ቀን እንኳ ሳታውጅ ዋል።»

በሆዱ እየሳቀ ዝም ብሎ ዋለ። ያን ጊዜ ነው አንዲት አመድማ ወፍ የሰማው፤ እዚህ ግባ የማትባል፣ ድምፅዋም ከእንዝርቱ የማይበልጥ፤ ነገር ግን እርሷ ስትዘምር እኅቱ እንዝርቷን ትገታለች፣ እርሱም አንገቱን ያሰግጋል። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ይጠብቃታል፤ ፈጣሪውንም በልቡ ያመሰግናል፤ ሕመሙ ባይመጣበት ይህን ሁሉ ሳይሰማ ይሞት ነበርና።

ብርዱ ሊያልፍ ሲል መልእክተኛ መጣ፤ ከጎረቤት አገር ንጉሥ ጋር ለዓመታት የቆየው ጦርነት በዕርቅ አልቋልና መጥተህ አዋጁን ንገር የሚል። አፉን ቢከፍት ከድምፁ የወጣው ግማሹ ብቻ ሆነ።

«እታለም፣ በዚህ ድምፅ ማን ይሰማኛል? አለቀልኝ» አላት።

«እኔ እየሰማሁህ አይደለም እንዴ?» አለችው።

አደባባዩ በሰው ተጨናንቆ ጠበቀው። ነጋሪቱ ተመታ፤ እርሱ ግን ጉሮሮውን አልጠረገም። ዝም ብሎ ቆመ፤ ሰዉም ግራ ገብቶት ዝም አለ። ይኼኔ በቀስታ፣ «ጦርነቱ አብቅቷል፤ ልጆቻችሁ ይመለሳሉ» አለ። የፊተኞቹ አንገታቸውን አሰግገው ሰሙ፤ ለኋለኞቹም እነርሱው ነገሩ፤ ከመካከል አንዲት እናት ቁጭ ብላ አለቀሰች። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ቦታው ያነሣበት ሰው የለም።

የዘመኑ ጸሐፊዎች የዕርቁን ቃልና የመኳንንቱን ስም መዝግበዋል፤ አዋጁም «በታላቅ ድምፅ ተነገረ» ብለዋል። እርሱም አላረማቸውም፤ በየዓመቱ ብርዱ ሲገባ ግን ቆላ ወርዶ፣ ለአመድማዋ ባለውለታው ከጋኑ ሥር እፍኝ ማሽላ ይበትን ነበር።