ያልጀመርነው መድኃኒት

ማመን የማይፈልግ ከአሁኑ ይለፈው... እኔ ግን በዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ።

ስርጉት እባላለሁ፤ ነርስ ነኝ። ሬሳ ገንዤ ተጣጥቤ ምሳዬን የምበላ ሰው ነኝ። በቀላሉ አልደነግጥም።

የሆነው ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለ አንድ ሆስፒታል ነው። ስሙን አልናገርም፤ እንጀራዬ ነው።

ሰዓቱ ቀትር ነበር። ጠራራ ፀሐይ... ቀን ስድስት ሰዓት።

ባንቺዓለም ከየጁቤ የመጣች አራስ ናት። ከወሊድ በኋላ የያዛት ኢንፌክሽን ደሟ ውስጥ ገብቶ የደም ግፊቷን ጣለው። ፀረ ተሕዋሲያኑን ሰጠናት፣ ፈሳሹን በላይ በላዩ ለቀቅንላት... ወይ ፍንክች!

ግፊቷን የሚለካው ሞኒተር ስልሳ በሠላሳ ይላል።

"ዶፓሚን ላምጣ?" አልኩት ዶክተር አካለ ወልድን፤ ግፊት የሚያነሳ መድኃኒት ነው።

"ልቧ እንዲህ እየጋለበ? የባሰ ያስሮጠዋል። ኖርአድሬናሊን ይሻላታል።"

መድኃኒቱን በጥብጬ ጠብታ በሚያስገባው ማሽን ላይ አሰርኩት። እናቷ እማማ ካሰች የልጃቸውን እግር ይዘው ድምፅ ሳያሰሙ ያለቅሳሉ። ሕፃኑ ውጭ አክስቱ እቅፍ ውስጥ ነው።

ሞኒተሩ ጮኸ።

መቶ አሥር በሰባ!

"ተመስገን!" አለ ዶክተሩ። "መድኃኒቱ ሠራ!"

እኔ ግን ክንዱን ያዝኩት...

"ዶክተር..."

"ምነው?"

"ገና አልጀመርኩትም።"

ማሽኑን አየው። ቆሟል። አንዲት ጠብታ አልገባችም።

የባንቺዓለምን ጣት ጨበጥኩ። በረዶ! ጥፍሯን ብጫነው ነጭ እንደሆነ ቀረ፤ ደም አልተመለሰበትም። የሽንት ከረጢቷም ባዶ ነው።

ዶክተሩ በእጁ ሊለካት ማዳመጫውን ክንዷ ላይ አደረገ። ሲሰማ ቆየና በሌላው እጁ አንጓዋን ያዘ... ፊቱ አመድ መሰለ።

"እጇ ላይ ትርታ የለም" አለ ቀስ ብሎ። "ማዳመጫው ላይ ግን ድው ድው ይላል... በጤነኛ ሰው ልክ።"

"ታዲያ... የማን ልብ ነው?"

ማዳመጫውን ከጆሮው ነቀለው።

እማማ ካሰች ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎሰሩ።

"ጥፋቱ የኔ ነው፣ ልጄ..."

"ምን አደረጉ?"

"ዓይኗ ሲገለበጥ ጊዜ ጨነቀኝ። የክርስትና ስሟን ጮክ ብዬ ጠራሁት... በቀትር! በቀትር ስም አይጠራም እኮ፣ የቀትር ጋኔን ይሰማል!"

"እሺ፣ ከዚያስ?"

"'አቤት' አለኝ።"

"እሷ?"

"የሷ አፍ አልተንቀሳቀሰም..."

በስመአብ! ብዬ አማተብኩ።

ዶክተሩ አንዴ ሞኒተሩን፣ አንዴ ጣቶቿን ያያል። ቁጥሩ እውነት ከሆነ መድኃኒቱ ግፊቷን ሰማይ ሰቅሎ ሊገድላት ይችላል። ውሸት ከሆነ ደግሞ ዝም ብለን ቆመን እያየናት ልትሞት ነው።

"ጀምሪው" አለኝ።

የማሽኑን ማስጀመሪያ ተጫንኩት።

መቶ አሥር... ሰማንያ... አርባ...

"ልጄን ገደላችኋት!" እማማ ካሰች ጮኹ።

"ላቁመው?"

"እንዳታቆሚው! አንጓዋን ያዢ!"

ያዝኩ። ምንም... ምንም...

ከዚያ መጣች። ቀጭን፣ ደካማ ትርታ። የራሷ! ጥፍሯ ቀስ እያለ ቀላ። እኔም እንደ ሕፃን ተንሰቅስቄ አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

ባንቺዓለም ዓይኗን ገለጠች።

"ልጄስ?" አለች።

ዶክተሩ በእጁ ለካት። ዘጠና በስልሳ፤ ይበቃታል። የሞኒተሩን የክንድ ማሰሪያ "ይሄ ተበላሽቷል" ብሎ ከክንዷ ፈታው። እንደታጠፈ አጠገቧ ባለው ባዶ አልጋ ላይ ወረወረው።

እሰይ ብለን ገና ትንፋሽ ሳንወስድ... ሞኒተሩ አጓራ።

ሦስታችንም ዞርን። ማሰሪያው አንሶላው ላይ ቀስ ብሎ ተዘረጋ። ከዚያ ክብ ሠራ፤ ራሱን በራሱ ጠቀለለና ተቆለፈ። አየር ሞላው። መሐሉ ባዶ ነው፤ ማዶው ይታየኛል...

የአልጋው ፍራሽ ሲሰረጉድ አየሁ።

ሞኒተሩ ጮኸ።

መቶ አሥር በሰባ።