እንዳለ ይቆይ ያለው ሰው

በአሜሪካ፣ ኦሪገን ውስጥ ባለችው በርንስ ከተማ ብርዱ ሲበረታ ቃል ከአፍ እንደወጣ በረዶ ሆኖ ይቀራል ይባላል። ሰው የተባለውን የሚሰማው ፀሐይ ወጥታ ሲቀልጥ ነው። የማይቴ ዑራንጋና የኔልስ ሃልቨርሰን ፍቅርም እንዲሁ ነበር፤ ቃሉ ሚያዝያ ላይ ተነገረ፣ የተሰማው ግን ጥር ላይ ነው።

ያኔ በመላው ምሥራቅ ኦሪገን ማይቴን በከባድ መኪና የሚወዳደር ሰው አልነበረም። ድርቆሽ እስከ ሰማይ የቆለለ ተሳቢ ወደ ኋላ አስኪዳ በመርፌ ቀዳዳ ታሳልፍ ነበር፤ ያዩ ሰዎች መርፌዋ አልተጫረችም ብለው ይምላሉ። መኪኖቹ የአባቷ የኢኛኪ ናቸው። ኢኛኪ ባስክ ነው፣ ከስፔን ተራሮች የመጡ እልኸኛ እረኞች ዘር፤ ሲቆጣ ተራራ ማዶ ያሉ ላሞች ወተታቸው ይነጥፋል።

አንድ ቀን የመንግሥት ዕቅድ አውጪዎች ከግዛቲቱ ዋና ከተማ ከሴለም መጡና ሕዝቡን በገበሬዎች ማኅበር አዳራሽ ሰበሰቡ። በሁለት ሺህ ሃምሳ የኦሪገን ሰው በምን ይጓዛል? ምድርን የሚያሞቀው የመኪና ጭስስ እንዴት ይቀንሳል? ጥያቄያቸው ይኸው ነበር። ኢኛኪ የሰማው ግን ሌላ ነው፦ ሴለሞች መኪናችንን ሊነጥቁ መጡ። ማይቴም አብራው የሄደችው ጡጫው ከኪሱ እንዳይወጣ ልትጠብቅ ነበር። ተሳቢዋን አቁማ እስክትገባ ድረስ ግን ግድግዳው ላይ የታየው የመጀመሪያው ገጽ አለፋት። ይህች ገጽ አትረሳ፤ በኋላ ዋጋዋን ታስከፍላለች።

ለያንዳንዱ ሰው ክብ ተለጣፊ ነጥቦች ታድለዋል፤ አረንጓዴው ለሚፈልጉት፣ ቀዩ ለማይፈልጉት። ካርታው ላይ ይለጥፉ ተባለ። ኢኛኪ ቀዮቹን ሁሉ ይዞ ካርታውን አልፎ ሄደና አጠገቡ በቆመው ረጅም፣ ቀጭን ወጣት ዕቅድ አውጪ፣ በኔልስ ደረት ላይ ለጠፋቸው።

«የማልፈልገው እዚህ ጋ ነው» አለ።

አዳራሹ በሳቅ ሲናጋ ጣራው ላይ የነበረው በረዶ ተንሸራቶ ወረደ። ወጣቱ ግን አልሳቀም፣ አልተቆጣም። «ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን» አለ። ደንባቸው ነው፤ ሕዝብ ሲናገር ሠራተኛ አይከራከርም፣ መልስም አይሰጥም፤ ያመሰግናል፣ በቃ።

ማይቴ በሩ ላይ ሆና ይህን አየች። መጣችና ነጥቦቹን አንድ በአንድ ከደረቱ ላይ ትልጥ ጀመር። የመጀመሪያዋን ስታነሳ ይቅርታ ልትጠይቅ አስባ ነበር፤ የመጨረሻዋ ላይ ስትደርስ ዓይኑን አየችና ይቅርታው ጠፋባት። እሱም እስትንፋሱን ይዞ ቆሟል፤ የያዘው እስትንፋስ አንድ መንደር ያሞቃል።

አረንጓዴዋን ነጥብ ከበርንስ ወደ ቤንድ በሚወስደው ባዶ መንገድ ላይ ለጠፈቻት።

«መንገዱ እንዲሰፋ ነው?» አላት።

«አውቶቡስ ነው የምፈልገው። አክስቴ ቤጎኛ ዓይኗ ደክሟል። ቤንድ ያለው ሐኪም ጋ ለመሄድ እኔ ሥራ የማልገባበትን ቀን ትጠብቃለች፤ እኔ ደግሞ እንዲያ ያለ ቀን የለኝም።»

«በዕቅዱ መሠረት እንግዲህ፣ በሁለት ሺህ ሃምሳ…»

«አክስቴ ሰባን አልፋለች። ትንሽ አታቀርበውም?»

ከዚያ ወዲያ በርንስን ያህል ሐሳቡ የተጠየቀ ከተማ በዓለም ላይ የለም። ስለ ድልድይ ውይይት፣ ስለ ጠጠር ውይይት፣ ብስክሌት የሚነዳ ሰው በሌለበት አገር ስለ ብስክሌት መንገድ ውይይት። ኔልስ ሰበብ ባጣ ቁጥር አዲስ ጥናት ይፈለስፋል። ከስብሰባው በኋላ ዑራንጋዎች ቤት፣ በዚያ ረጅም ገበታ ላይ፣ ነጭ ሽንኩርት የጠገበ የበግ ጥብስና ቀይ ባቄላ ይቀርብለታል። ኢኛኪ «ሚስተር ሃምሳ» የሚል ስም አውጥቶለት ነበር። ሳህኑን እያቀበለ «ሚስተር ሃምሳ፣ ሥጋውን አሁን ትበላዋለህ ወይስ ለሁለት ሺህ ሃምሳ ይቀመጥልህ?» ይለዋል። ኔልስም አመስግኖ አሁን ይበላል።

አንዳንዴ ማይቴ እስከ ቤንድ በመኪናዋ ትሸኘው ነበር። ዝናብ ካባራ በኋላ የበረሃው ቁጥቋጦ ሽታ በመስኮት ይገባል። መንገዱ ቀጥ ያለ ስለሆነ መሪው የማይፈልገው እጅ ይተርፋል፤ የተረፈው እጅ የት እንደሚቀመጥ ሁለቱም ያውቃሉ፣ ሁለቱም ግን አያወሩትም። ያ ዝምታ ዛሬ ድረስ ከብዙ ሰው ንግግር ይበልጥባታል።

ብርዱ አልፎ መጋቢት ሲመጣ ኢኛኪ ጉልበቱ ከዳው። መኪኖቹን ለማይቴ ሊተውላት እንደሚፈልግ ነገራት፤ ታዲያ በርንስ ከኖረች ነው። ካልሆነ የወንድሙ ልጅ ሊገዛቸው ተዘጋጅቷል። እስከ ፋሲካ መልስ ስጪኝ አላት። ማይቴም ለወተት ከብቶች የተላከ ድርቆሽ ጭና ተራራውን ተሻገረችና ጭነቱን ከማራገፏ በፊት ሴለም ገባች።

ሚያዝያ ገብቶ የቼሪ ዛፎቹ ያበቡበት ሰሞን ነበር፤ ከተማው በሙሉ ሮዝ ለብሷል። ተሳቢዋን በመንግሥት መሥሪያ ቤቶቹ አደባባይ ዳር አቆመችው፤ ግማሹ መንገድ ተዘጋ። ኔልስ ከቢሮው በሩጫ ወርዶ መጣ።

«አባዬ መኪኖቹን ለእኔ ሊተው ነው» አለችው ከላይ ከመስኮቷ ሆና። «ከያዝኳቸው በርንስ ቀረሁ ማለት ነው። እኔና አንተስ? ምንድን ነን?»

የኔልስ ፊት ድርቆሽ መሰለ። ሲፈራ የሚያስበው በሥራው ቋንቋ ነበር።

«እንዳለ ይቆይ» አለ። «ከዚያ እንነሳና…»

ይህን ጊዜ የትራፊክ ፖሊሱ የመኪናዋን በር ደበደበ፣ ከኋላ የተደረደሩት ሁሉ ጥሩምባቸውን ለቀቁት፤ በዓለም ላይ ያለ ጥሩምባ ሁሉ ያን ቀን ሴለም ነበር። የቀረውን አልሰማችም። የሰማችው በቂዋ ነበር።

«እሺ። ይቆይ» አለችና ሞተሩን አስነሳች።

በመስታወቱ ውስጥ ራሱ ላይ አበባ ረግፎበት ቆሞ አየችው። እስከ ተራራው ጫፍ ድረስ አላለቀሰችም፤ ቁልቁለቱ ላይ ግን የመስታወቱን መጥረጊያ ከፈተች፣ ዝናብ ሳይኖር።

ስልኳ አልጠራም። እሷም አልደወለችም። ባስክ ቀድሞ ከሚደውል ስልኩን ቀቅሎ ይበላዋል። ለአባቷ መኪኖቹን እይዛለሁ አለችው፤ ደስ ይለዋል ብላ ነበር። ኢኛኪ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ምግብ አልጣፍጥ አለው። ገበታው ጫፍ ያለውን ባዶ ወንበር እያየ ሥጋውን ይገፋል። የሚሰድበው ያጣ ሰው እንጀራ አይወርድለትም።

ጥር ላይ ዕቅዱ ተጠናቆ የመጨረሻው ስብሰባ በርንስ ተጠራ። ማይቴ አልሄድም አለች። አክስት ቤጎኛ ግን ካፖርቷን ለብሳ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«አውቶቡሴን ምን እንዳደረጓት እሰማለሁ። ዓይኔ ስለማያይ ደግሞ ፊት ወንበር ነው የምቀመጠው። ቶሎ በይ።»

እንዲህ ሆኖ ማይቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመጀመሪያው ገጽ ቀድማ ደረሰች። ኔልስ ከስቷል። አያት፣ ወረቀቱን ጣለ፣ አነሳ፣ ደግሞ ጣለ። ከዚያ መብራቱ ጠፋና ግድግዳው ላይ ሽቅብ የሚወጣ ጥቁር መስመር ታየ። ከላዩ በትልቁ «እንዳለ ይቆይ» የሚል ተጽፏል።

የማይቴ እጅ የአክስቷን እጅ ጨመቀ።

አንድ ከብት አርቢ ከኋላ፣ መስመሩ ጭሱ እየጨመረ እንደሚሄድ ነው የሚያሳየው፤ እናንተ የምትፈልጉት ይሄንን ነው ወይ ሲል ጠየቀ። የጥያቄ ሰዓት ስለነበር ኔልስ መመለስ ይችላል።

«የምንፈልገው አይደለም» አለ። «የምንፈራው ነው። ዝም ብለን ብንቀመጥ ምን እንደሚመጣብን ሁልጊዜ መጀመሪያ እንስላለን። ሥራችን ከዚህ ገጽ ነው የሚነሳው። ይሄን ገጽ አይቶ እዚያው መቅረት የሚፈልግ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።» ድምፁ ወረደ። «አንድ ጊዜ ብቻ ገጥሞኛል።»

የሚያዝያ ቃል የዚያን ጊዜ ቀለጠ። «ከዚያ እንነሳና…» ብሎ ነበር። እሷ ደግሞ «እሺ፣ ይቆይ» ብላው ሄደች።

የሕዝብ አስተያየት ሲከፈት መጀመሪያ እጇን ያወጣችው ማይቴ ናት። ሰብሳቢዋ ሴት ለመዝገቡ ስምና አድራሻ ይነገር አለች።

«ማይቴ ዑራንጋ። የምኖረው እዚሁ በርንስ ነው። ባለፈው ሚያዝያ አንዱን ሠራተኛችሁን አንድ ነገር ጠየቅሁትና ‹እንዳለ ይቆይ› አለኝ። የመጀመሪያው ገጽ መሆኑን አላወቅሁም፤ ስብሰባ ላይ አርፍጄ ነው የምመጣው። የሚቀጥለው ገጽ እንዲገለጥልኝ እጠይቃለሁ።»

የቡናው ማሽን እንኳ መንፋቱን ተወ። ኔልስ አፉን ከፈተ። ሰብሳቢዋ ቀና ብላ አየችውና በእርሳሷ ጠረጴዛውን መታ አደረገች፤ ደንብ ደንብ ነው።

«ስለ አስተያየትዎ…» አለ ኔልስ። «እናመሰግናለን።»

ያቺን ዐረፍተ ነገር እንደዚያ አድርጎ የተናገረ የመንግሥት ሠራተኛ ከዚያ በፊት አልነበረም፣ ከዚያም በኋላ አይገኝም።

«ምን አላት?» አለች አክስት ቤጎኛ፣ ጎረቤት ከተማ እስኪሰማ።

«አመሰገናት» አላት ከጎኗ የተቀመጠ ሰው።

«በዚህ ድምፅ?»

ያን ጊዜ ኢኛኪ ተነሣ። ከጠረጴዛው ላይ አንዲት አረንጓዴ ነጥብ አነሳ። በሁለት በትር ተደግፎ ጉልበቱን እየጎተተ ካርታውን አልፎ ሄደና ኔልስ ደረት ላይ ለጠፋት፤ በመዳፉም መታ መታ አደረጋት፣ እንዳትወድቅ።

«ይቺ ለአውቶቡሱ ናት» አለው። «ካርታው ስለራቀኝ ነው።» ካርታው ክርኑ ሥር ነበር።

ውጭ በረዶ ይዘንባል። ማይቴና ኔልስ በቆመው ተሳቢ ጥግ ተጠልለው ቆሙ።

«‹ይቆይ› ያልሽኝ እኮ አንቺ ነሽ» አለ።

«ደወልክ?»

«ደወልሽ?»

ዝም ተባባሉ፤ ግን የድሮው ዝምታቸው ነበር፣ ተመልሶ የመጣ።

«ምን ይላል ሁለተኛው ገጽ?» አለችው።

«የመጀመሪያው ላይ ብቻውን የቆርቆሮ ሾርባ የሚበላ መላጣ ሰውዬ አለ። ሁለተኛውም ላይ መላጣ ነው» አለ ኔልስ። «ሳህኑ ግን ሁለት ነው። ከተማውም በርንስ ነው፤ ሥራዬን ይዤ እመጣለሁ።»

ይህ ከሆነ ብዙ ጊዜ አለፈ። ኢኛኪ አርፏል፤ እስከ መጨረሻው ድረስ አማቹን ኔልስን «ሚስተር ሃምሳ» ሳይለው ቀርቶ አያውቅም። አውቶቡሱ ሁለት ሺህ ሃምሳን ሳይጠብቅ መጣ፤ ማይቴም መኪኖቹን ለአጎቷ ልጅ ሰጥታ የአውቶቡሱን መሪ ያዘች፤ ሌላ ማን ይይዛል? አክስት ቤጎኛ ሐኪም ኖረም አልኖረም ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ቤንድ ደርሳ ትመለስ ነበር። ዛሬ ያ ወንበር ባዶውን ይሄዳል፤ በርንሶች ቆመው ይጓዛሉ እንጂ አይቀመጡበትም።

አሁን ያለው አውቶቡስ ጭስ የለውም፣ ድምፅም የለውም፤ ከዝናብ በኋላ ቁጥቋጦው ሲንጠባጠብ ይሰማል። ኔልስ ከዕቅዱ ቀድሞ ተመልጧል። አንዳንዴ አንዳች ጉዳይ ሳይኖረው ይሳፈርና ከኋላዋ ይቀመጣል፤ መንገዱ ቀጥ ካለ ቦታ ሲደርሱ እሷ በመስታወቱ ታየዋለች።

መሪው አጠገብ አንዲት ክብ ነጥብ ተለጥፋለች። ፀሐይ ቀለሟን ጠጥታ ጨርሳዋለች፣ ነጭ ወረቀት ሆናለች። ተሳፋሪ ምንድን ናት ብሎ ከጠየቃት ማይቴ ዘወር ሳትል ትመልሳለች።

«አረንጓዴ ናት።»