ለጥጤ የተመረጠው ወለል

«ሞተች?» አለ ምክትል መቶ አለቃ አስማማው፣ ከወንበሩ ሳይነሣ።

«እሷስ ደህና ናት ጌታዬ» አለች ሥራነሽ። ከነጠላዋ ጫፍ የሐምሌ ዝናብ ይንጠባጠባል። «የሞቱት ጋሼ ናቸው።»

አስማማው ብዕሩን አስቀመጠ። ጡረተኛው መምህር አቶ ደምለው በዚያ ክረምት ሁለት ጊዜ ጣቢያ መጥተው፣ የጎረቤት ውሻ ጥንቸላቸውን ሊበላት ነው ብለው አመልክተው ነበር። ፖሊሶቹም ሳቃቸውን የያዙት እሳቸው ከበር እስኪወጡ ብቻ ነው። የቤታቸው ሠራተኛ እየሮጠች ስትገባ ታዲያ ሌላ ነገር አልመጣለትም። አሁን አፈረ። ካፖርቱን አንሥቶ ቀድሟት ወጣ።

ቤቱ ከደብረ ማርቆስ ገበያ በላይ ነው። ሳሎኑ ሲሚንቶ፣ የጓሮው ክፍል የአፈር ወለል። በጓሮው ክፍል አንድ አልጋ፣ አንድ ጠባብ መስኮትና በጣውላ የታጠረ የጥንቸል ማደሪያ ነበር። አቶ ደምለው አልጋው ላይ በጎናቸው ተኝተዋል፤ ፊታቸው ገና ከፀሐይ እንደገባ ሰው ቀልቷል። ከአልጋው አጠገብ አመድ የለበሰ የከሰል ምድጃ አለ። ነጯ ጥንቸል ጥጤ ግን ገለባዋ ላይ ቁጭ ብላ ጎመን ታኝካለች።

«ምን ምርመራ ያስፈልገዋል?» አለ የሟች የወንድም ልጅ ኃይለ ሚካኤል፣ ደጁ ላይ እየተንቆራጠጠ። «ወለሉ ይድረቅ ብላ ከሰል አስገባች፤ ረስታው ወፍጮ ቤት ሄደች። አጎቴን አፍና ገደለቻቸው። አስረዋት ይሂዱ እንጂ።»

«አውጥቼዋለሁ» አለች ሥራነሽ። «ጋሼ ምሳ በልተው ሊተኙ ሲሉ ‹ከሰሉ ጥጤን ያፍናታል፤ አውጪው› አሉኝ። ማድ ቤት ወስጄ አስቀመጥኩት።»

«ማን አየሽ?»

«እግዜር።»

«እሱ ጣቢያ መጥቶ አይመሰክርልሽም።»

ሥራነሽ እጆቿን አንዱን ባንዱ ጨበጠች። «የሁለት ዓመት ልጅ አለችኝ ጌታዬ። እኔ ከታሰርኩ የሚይዛት የለም።»

አስማማው ጎንበስ ብሎ ምድጃውን አየ። የጣቢያው አዛዥ ከመምሸቱ በፊት የታሰረ ሰው ማየት እንደሚፈልግ ያውቃል፤ ከዚህች ሴት ሌላ የሚታሰር ደግሞ አልታየውም። በክፍሉ ውስጥ ወዲያ ወዲህ አለ። ቆመ። እንደገና ተንቀሳቀሰ። አንድ ነገር ይጎረብጠው ነበር፤ ምን እንደሆነ ግን ገና አልያዘውም።

የሟች እኅት ወይዘሮ ሽታዬ አንድ ደብተር አቀበሉት። ከመርጡለ ማርያም መጥተው ይህን ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ያስተዳደሩ ሴት ናቸው። «ሁሉን ነገር ይጽፍ ነበር» አሉ በለሆሳስ።

«የጥጤ ወለል» ይላል ገጹ። «ሽቦ፦ ውስጥ እግሯን አቆሰለው። ጆንያ፦ ክሩን በላችው፤ ሆዷ ደረቀ። የሳሎኑ ሲሚንቶ በሰም፦ ተንሸራተተች፤ የኋላ እግሯን ወለም አላት። ዳግም እዚያ እንዳትገባ። አፈር በእበት ተለቅልቆ፣ ገለባ ከላይ፦ ይሻላል፤ እርጥበቱ ግን አስቸገረ። ከባለሱቁ ሙነወር ሰሌን አዝዣለሁ፤ ዛሬ ያመጣሉ፤ ከገለባው ሥር መሞከር።»

«ሥጋዋ አይበላ፣ ወተቷ አይታለብ» አለ ኃይለ ሚካኤል። «ደብተር ግን ይያዝላታል።»

አስማማው ቁጢጥ ብሎ ጥጤን አነሣት። ተራገጠች፤ እጁን ቧጨረችው። ወይዘሮ ሽታዬ ፈጠን ብለው መጡና ከሥር ደገፏት፤ ወዲያው ዝም አለች። ያኔ የውስጥ እግሯን አየ። ነጩ ፀጉር ቀልቷል። ደም መስሎት አሸተተው፤ ደም አይደለም፤ ሰም ሰም ይላል። ወለሉን አየ፤ እበትና ገለባ ብቻ።

«ሳሎኑን ማን ነው የሚቀባው?» ሲል ሥራነሽን ማድ ቤት ወስዶ ጠየቃት።

«እትዬ ሽታዬ ናቸው። ዛሬ ጠዋት በቀይ ሰም ቀብተው ቆለፉት። ጋሼ ከደምበጫ ሚስት ሊያመጡ ነው፤ ነገ ሽማግሌዎች ይመጣሉ።»

አስማማው ዝናቡን ሳይጠብቅ መንገዱን ተሻግሮ ወደ ሙነወር ሱቅ ሄደ።

«ሰሌኑን አድርሰው ነበር?»

«ከዙሁር ሶላት በኋላ፣ ስምንት ሰዓት ግድም ሄጄ ነበር» አሉ ሽማግሌው ነጋዴ። «የሳሎኑን በር ባንኳኳ ውስጥ ዱብ፣ ዱብ ይላል። የሚከፍት የለም። ወይዘሮ ሽታዬ ከጓሮ መጡና ‹አይጥ ነው፤ ወንድሜ ተኝቷል፤ ነገ ይምጡ› አሉኝ።»

«አይጥ?»

«ወላሂ። እንዲህ የሚረግጥ አይጥ ካለማ ከሰሌን ይልቅ ወጥመድ ልሽጥልዎ አልኳቸው። አልሳቁም።»

«ኃይለ ሚካኤልስ የት ነበር?»

«እዚሁ በረንዳዬ ላይ ዳማ ሲጫወት። ከሰባት እስከ አሥር ሰዓት አልተነሣም። ሲሸነፍ ይጮኻል፤ ሰፈሩን ይጠይቁ።»

አስማማው ሙነወርን ይዞ ተመለሰና ሁሉም ሳሎን እንዲሰበሰቡ ጠየቀ። ወይዘሮ ሽታዬ ቁልፉን ከመቀነታቸው ፈትተው ከፈቱ። ቀዩ ወለል ያብረቀርቃል፤ ከበሩ አጠገብ ግን ጥፍር የቧጨረው መስመር ነበረበት። ሌሎቹ ተቀመጡ። እሱ ጥጤን በካፖርቱ ጠቅልሎ እንደያዘ ቆመ።

«ከሰል ያፈነው ክፍል ውስጥ ሰው ከሞተ» አለ፣ «ይህችን የምታህል ፍጥረት አትተርፍም። እሷ ግን ጎመን ስትበላ አገኘኋት። እንግዲህ ከሰሉ ሲገባ እዚያ አልነበረችም።»

«አጎቴ ራሳቸው አውጥተዋት ይሆናል» አለ ኃይለ ሚካኤል።

«ማን መለሳት? እሳቸው ሞተዋል። ሥራነሽ ምድጃውን ረስታው ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ይሞቱ ነበር። የረሳ ሰው ጥንቸል አያወጣም። ከሰሉን ከማድ ቤት መልሶ ያስገባው ሰው የሚያደርገውን ያውቅ ነበር።»

ኃይለ ሚካኤል ሥራነሽን ቀና ብሎ አየና ዓይኑን መለሰ።

አስማማው ጥጤን ወለሉ ላይ አኖራት። እግሮቿ ወዲያና ወዲህ ተንሸራተቱባት። እንደምንም ተሰብስባ ቆመችና በኋላ እግሯ ወለሉን መታች፤ ዱብ።

«ይኸው አይጡ» አሉ ሙነወር ቀስ ብለው።

«ውስጥ እግሯ የቀላው እዚህ ነው። ሰሙ የተቀባው ዛሬ ጠዋት ስለሆነ ገና ይለቃል። አቶ ደምለው እዚህ እንዳትገባ ስለከለከሉ እሳቸው አላስገቧትም። ክፍሉ ተቆልፎ ነበር፤ ቁልፉም ያለው አንድ ሰው ዘንድ ነው። ያ ሰው ጥጤ ሳትራገጥ የምትታቀፍለት ነው።» ድምፁ ዝቅ አለ። «ጥንቸሏም ሞታ ቢሆን ኖሮ፣ ወይዘሮ ሽታዬ፣ እኔ አደጋ ነው ብዬ፣ ሥራነሽንም አሳስሬ እሄድ ነበር።»

ወይዘሮ ሽታዬ ተነሥተው ጥጤን ከሚያዳልጠው ወለል አነሡና ጭናቸው ላይ አስቀመጧት።

«እሷ ምን አደረገች?» አሉ።

«እሳቸውስ?»

«‹ከፍልሰታ በኋላ አገርሽ ትገቢያለሽ፤ አዲሷ ሴት ሁለት እመቤት አትወድም› አለኝ። ያንን ደብተር እየጻፈ፣ ቀና እንኳ ሳይል። አባት እናቴ ሞተዋል፤ እዚያ ማን አለኝ? ለጥንቸሉ ስንት ዓይነት ወለል ሞከረላት። ለእኔ አንድ ጥግ አላሰበልኝም።» ወደ ሥራነሽ ዞሩ። «አንቺን ያስሩሻል ብዬ አላሰብኩም። ራሱ አስገብቶት ተኛ ይሉታል ብዬ ነበር።»

ሥራነሽ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ በሩ ሄደች።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ወይዘሮ ሽታዬ ጋቢያቸውን ደርበው ከአስማማው ጋር በእግራቸው ጣቢያ ሄዱ። ሥራነሽም ልጇን ካስቀመጠችበት ቤት ሄዳ ወሰደቻት።