ማርሹ ላይ የተሰቀለው ቺንጋ

ዓብዱልመጂድ ሞቶ የተገኘው ባሕር ውስጥ ነው፤ ያውም ባሕር በማይደፍረው መኪና ውስጥ ተቀምጦ።

ጅቡቲ፣ ሀራሙስ ሰፈር፣ ከሟቹ ቪላ ጓሮ ቁልቁል፣ ንጋት ላይ ውሃው ሸሽቶ ባራቆተው አሸዋ ላይ ባለስድስት ጎማው ካሚዮን እንደ ዓሣ ነባሪ ተጋድሟል። የፈረንሳይ ጦር አርጅቷል ብሎ በጨረታ ሲሸጠው ዶሮ እንኳ አትሰፍርበትም ነበር። መካኒኩ ሁንዴ ካርቲየ 5 ሰፈር ያለው ጋራዡ ውስጥ ስምንት ወር ዘግቶበት ሲያወጣው ጅቡቲ በሙሉ ጉድ አለች። የአየር መሳቢያውን ቱቦ ከጣሪያው በላይ እንደ ሚናሬት አቁሞታል፤ የጭስ ማውጫውን ወደ ሰማይ አዙሮታል፤ ባትሪውን ከሹፌሩ ጀርባ ከፍ አድርጎ ሰቅሎታል፤ ውሃ የሚገባበትን ቀዳዳ ሁሉ ደፍኗል። ኖኅ ይህን መኪና ቢያገኝ ኖሮ ያን ሁሉ ዓመት እንጨት ሲፈልጥ ባልኖረ።

አሁን ግን ባለቤቱ ማጅራቱን ተፈንክቶ መሪው ላይ ተደፍቷል።

የፖሊስ አዛዡ ኮሚሳር አቡዘር ነገሩን በሩብ ሰዓት ጨርሶ የቤት ሠራተኛዋን ዓለምነሽን በካቴና አስሮ በረንዳው ላይ አስቀምጧታል።

«ፓስፖርቷን ሁለት ዓመት ደብቆባታል» አለ። «ጓሮ በቆመው መኪና ውስጥ ሳለ በዘነዘና መታችው፤ የእጅ ፍሬኑን ለቀቀች፤ ቁልቁለቱ ባሕር ድረስ ወሰደው። ማዳም፣ ቃሏን ተርጉሚና ጫቱ ሳይመጣ እንጨርስ።»

ጅቡቲ ውስጥ ጫቱ ከመጣ በኋላ የሚቀጥል ሥራ የለም፤ የዓለም መጨረሻም ቢሆን ለነገ ይቀጠራል።

ማዳም የተባለችው ተናኘወርቅ ናት። ለፖሊስ ከአማርኛ ወደ ፈረንሳይኛ ታስተረጉማለች። ከዚያ በፊት ግን ሃያ ዓመት በድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ሌባ ስትይዝ የኖረች ናት፤ ዓይኗ የተቆለፈ ሻንጣ ውስጥ ያለ ሸሚዝ ስንት ቁልፍ እንዳለው ይቆጥራል ይባላል። ጠላቶቿም ይህን አይክዱም።

«እትዬ፣ በማርያም! እኔ አልገደልኩም!» አለች ዓለምነሽ።

«መኪና ትነጃለሽ?»

«ጋሪ እንኳ ገፍቼ አላውቅ!»

«ጋሼ ከማን ጋር ተጣሉ?»

«ከማን ያልተጣሉ? ትናንት አመሻሽ ላይ ሳሎን ውስጥ ሲጮኹ ነበር። በሐረሪኛ ስለሆነ አልገባኝም። እውነት ዛሬ ወህኒ ልገባ ነው?»

«ጫቱ ከደረሰማ ትገቢያለሽ» አለች ተናኘወርቅ። ማባበል አልፈጠረባትም።

ቀሚሷን ሰብስባ ወደ ካሚዮኑ ወረደችና ጋቢናው ውስጥ አንገቷን አስገባች። የማርሹ ዘንግ አንደኛ ላይ ገብቷል። ዘንጉ ላይ ደግሞ ጥቁር የጎማ ቀበቶ እንደ ሞተ እባብ ተንጠልጥሏል። መኪናውን ሊያይ የመጣውን ሁንዴን በጩኸት ጠራችው። ቀበቶውን ሲያይ ፊቱ ደም መሰለ።

«ቺንጋዬን ማነው ያወለቀው? እጁ ይቆረጥ!»

«ሰው ሞቶ አንተ ለቺንጋ ታለቅሳለህ?»

«ለእሱማ ማን ያለቅስለታል? ስምንት ወር እንደ ውሻ ጮኸብኝ።»

«ቺንጋ ለምን ይወልቃል?»

«ድሮ ከሞተሩ ፊት ያለውን ማራገቢያ የሚያዞረው እሱ ነበር። ማራገቢያው እየዞረ ውሃ ውስጥ ከተገባ ክንፉ ይታጠፍና ራዲያተሩን ይቀደዋል። ስለዚህ ውሃ ሳይገባ ቺንጋው ይወልቃል፤ መልሶ ማሰሩ እንዳይረሳም ማርሹ ላይ ይሰቀላል። ጋራዥ ለመጣ ሁሉ ይህን ስለፈልፍ ከረምኩ። ግን እኮ እትዬ፣ ያ ቀረ! ባለፈው ሐሙስ ማራገቢያውን በኤሌክትሪክ አደረግሁት። ይቺን ማብሪያ ስትጫኛት ቀጥ ይላል። ቺንጋው አሁን የሚያዞረው ዲናሞና የውሃ ፓምፕ ብቻ ነው፤ ምን በወጣው ይወልቃል?»

«ሐሙስ ዕለት ማን ነበር?»

«ሟቹ። ማብሪያዋን መቶ ጊዜ ተጫናት። ሚስቱ ሙኒራና ዓለምነሽም ምሳ ይዘው መጥተው ነበር። አሳይቻቸው ፎከርኩባቸው።»

ሳሎን ውስጥ ሙኒራ ከወንድሟ ከከይረዲን ጋር ተቀምጣለች። ተናኘወርቅ ስትገባ ወንበር እንኳ አላቀረበችላትም።

«በገዛ ቤቴ አስተርጓሚ ሊመረምረኝ ነው?»

«አስተርጓሚ ነገር አይጨምርም፤ የጎደለውን ግን ያውቃል። ትናንት አመሻሽ በሐረሪኛ ከሟቹ ጋር የተጣላው ማነው?»

«እኔ ነኝ!» አለች ሙኒራ። ጥያቄው ሳያልቅ ነው የመለሰችው።

«አንተስ፣ ከይረዲን?»

«እኔ አሥር ቀን ድሬ ነበርኩ፤ ትናንት ገባሁ፣ ደክሞኝ ተኛሁ። ደግሞ ወላሂ፣ እኔ የጨርቅ ነጋዴ ነኝ። ከመኪና የማውቀው ጥሩንባውን ነው።»

«ጥሩንባ ማወቅም እውቀት ነው» ብላ ወጣች።

ከዚያ ሁሉንም በረንዳው ላይ ሰበሰበቻቸው። ኮሚሳሩ በደቂቃ ሦስት ጊዜ ሰዓቱን ያያል።

«ካሚዮኑ አልተንከባለለም» አለች። «ማርሽ ላይ ያለ መኪና ቁልቁለት አይወርድም። ሰው ነድቶ ነው ባሕር ያስገባው። ይቺ ልጅ ደግሞ መንዳት አትችልም።»

«ራሱ ሟቹ ነድቶት፣ ጭንቅላቱ ተጋጭቶ ይሆናላ!» አለ ከይረዲን።

«መሪው ከፊት፣ ቁስሉ ከኋላ። ከኋላ የመታው ዓሣ ነው?» ተናኘወርቅ ቺንጋውን ወደ ላይ አነሣችው። «ነጂው ይህን አውልቆ እንደ ደንቡ ማርሹ ላይ ሰቅሏል። ሟቹ አያወልቀውም፤ ማብሪያዋን ያውቃታል። ሁንዴም አያወልቀውም፤ የሠራት እሱ ነው። ሙኒራና ዓለምነሽም ሐሙስ ዕለት በዓይናቸው አይተዋል። ያወለቀው የድሮውን ትምህርት በደንብ የተማረ፣ አዲሱን ግን ያልሰማ ሰው ነው። ጎህ ሳይቀድ በዳሰሳ ስለሠራ ማራገቢያው መለወጡን አላየም። ሐሙስ ዕለት ጋራዡ ውስጥ ያልነበረው ማነው?»

የሁሉም ዓይን ከይረዲን ላይ አረፈ። ከይረዲን ሳቀ።

«በአንድ ጎማ ቀበቶ ሰው ሊሰቀል ነው? ኮሚሳር፣ ይቺን ሴትዮ አስወጣልኝ!»

«እወጣለሁ» አለች ተናኘወርቅ ረጋ ብላ። «ግን ልፋትህ ያሳዝናል። ሁንዴ ሞተሩን ከፍቶ አይቶታል።» ሁንዴ አፉን ሊከፍት ሲል እግሩን ረገጠችው። «ማራገቢያው እየዞረ ራዲያተሩን በልቶታል፤ ሞተሩም ውሃ ጠጥቶ ሞቷል። ካሚዮኑ ለቁርጥራጭ ብረት ነው የሚሸጠው።»

ከይረዲን ከወንበሩ ዘለለ።

«ውሸት ነው! በምን ይዞራል? ቺንጋውን በገዛ እጄ...»

ኮሚሳሩ ሰዓቱን ማየት ተወ።

ሙኒራ ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች። «እኔ እለምንልሃለሁ አላልኩህም? መሪ ስለከለከለህ ባሌን ትገድላለህ?»

«ስምንት ወር!» አለ ከይረዲን። «ስምንት ወር ‹ጨው ሐይቅ ድረስ የምትነዳው አንተ ነህ› ሲለኝ ቆይቶ፣ ትናንት ‹መሪውን ሁንዴ ይይዘዋል፣ አንተ ሂድና ጨርቅህን ለካ› ብሎ ሳቀብኝ። ጎህ ሳይቀድ መኪናዬን ሊያይ ወጣ። መኪናዬን! የክሪኩ ዘንግ እጄ ላይ ነበር። ራሱ ነድቶ የሞተ እንዲመስል ባሕር አስገባሁት።»

«ለሰውየው ሳትራራ ለሞተሩ ራራህ» አለች ተናኘወርቅ።

ኮሚሳሩ የያዘው ካቴና አንድ ብቻ ስለነበር ከዓለምነሽ እጅ ፈትቶ ከከይረዲን እጅ ላይ ገጠመው። ተናኘወርቅ ወደ ሙኒራ መዳፏን ዘረጋች።

«ፓስፖርቷስ?»

ሙኒራ ገብታ አመጣችው። ዓለምነሽ ተቀበለችና ስሟን ደጋግማ አነበበች፤ ከዚያ ደረቷ ውስጥ ወሸቀችው።

ከይረዲንን ወደ በሩ ሲወስዱት ከባሕሩ በኩል ድምፅ ተሰማ። ሬሳው ከጋቢናው ከወረደ በኋላ ሁንዴ ቺንጋውን ከበረንዳው ወስዶ መልሶ አስሮ ቁልፉን አዙሮ ነበር። ካሚዮኑ በአንድ ጊዜ ተነሣ፤ የሀራሙስ ዘበኞች በሙሉ መሬት የተሰነጠቀች መስሏቸው ከየግቢያቸው ወጡ።

ከይረዲን ዞሮ አየ። ጭሱ ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ ይወጣል።

«ሞቷል አላልሽም?»

«አስተርጓሚ ነኝ» አለች ተናኘወርቅ። «አንዳንዴ እሳሳታለሁ።»